ፈቃድ የተከለከለ ደጋሽ

ደመወዝ ሰው ያስከብራል ይላሉ። ያስከብራል፤ አልክድም። በቁርጥ ዋጋ በርና መስኮት ስሠራ «አንተ አናጢ!» እያለ ይጠራኝ የነበረው የሰቆጣ ሰው፣ መንግሥት ቤት በተቀጠርሁ ማግስት ከመቀመጫው ብድግ ይልልኝ ጀመር። የሚስቴን የብርነሽን ኩራትማ አልቻልነውም።

እናንተም ብትሆኑ ትቀጠሩ ነበርና አትፍረዱብኝ። አንዲት ነገር ብቻ ዘንግቼ ነበር፤ ድሮ መጋዜን አስቀምጬ ወደ ቤቴ ስሄድ ማንንም አላስፈቅድም ነበር።

የሚካኤል ማኅበራችን በየወሩ፣ በአሥራ ሁለት፣ በየቤታችን በተራ ይጠጣል። ባለተራው በሩ ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል፤ ሲያበቃም ጽዋውን ለቀጣዩ በገዛ እጁ ያስረክባል። ደጋሹ ከቤቱ ከታጣማ ማኅበርተኛው ተናቅን ብሎ ያኮርፋል፤ ያ ሰው ዳግመኛ ጽዋ አያይም። ተራው የእኔ ሆነ። ብርነሽ ጠላውን ስትጠምቅ ከረመች።

አለቃዬ ግራዝማችም ማኅበርተኛችን ናቸውና ይገባቸዋል ብዬ፣ በዋዜማው እጅ ነሥቼ ፈቃድ ጠየቅኋቸው።

«ሥራ ሌላ፣ ማኅበር ሌላ!» አሉኝ። «የቢሮዬን በር ማን ይጨርስልኛል?»

ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። በነጋታው እርር ድብን እያልሁ የበሩን ሳንቃ ስልግ፣ ረፋዱ ላይ ግራዝማች ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው ብቅ አሉ።

«ወዴት ነው፣ ግራዝማች?»

«ማኅበር ነዋ! ካንተ ቤት አይደል እንዴ?»

ወይ ጉድ! እኔ በራቸውን ስልግ እሳቸው ጠላዬን ሊጠጡ! መላጊያውን ጥዬ ተከተልኋቸው። ስደርስ ከቄሱ ጎን ተሰይመዋል።

«ማን ፈቅዶልህ መጣህ?»

ብርነሽ ማሰሮዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«እዚህ ቤት ፈቃድ ሰጪው እኔ ነኝ፣ ግራዝማች። ይጫወቱ፤ ቤትዎ ነው» አልሁና ጽዋውን አነሣሁ።

ሥራዬ በዚያው ቀረ፤ ብርነሽም ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ከሳምንት በኋላ ግን በር በሌለው ቢሮ ብርዱ ያንገሸገሻቸው ግራዝማች ራሳቸው ደጄ ድረስ መጡ። በቁርጥ ተስማማን።

«በል እንግዲህ ነገ ጀምር» አሉኝ።

«ነገማ ማርያም ናት።»

ቀጣሪዬ ሳሉ አንዲት ቀን የነፈጉኝ ሰው፣ ደንበኛዬ ሲሆኑ ጊዜ የማርያምን ፈቀዱልኝና፣ የጊዮርጊስንም ሳልጠይቃቸው ጨመሩልኝ።