ማን ነህ የማይለው በር

ልጄ ስልኳን አሳይታኝ ወደ ከሰዓት በኋላ ትምህርቷ ስትወጣ ጥጉ ላይ ክብ ነገር አይቻለሁ፤ ጌጥ መስሎኝ ሸኘኋት። ዜሮ መሆኑ የገባኝ መታጠፊያውን ካለፈች በኋላ ነው።

አንድ ዜሮ ምን ያስደነግጣል የሚል ሰው የሕንጻችንን ሥልጣኔ አላየም። ክቡር የነዋሪዎች ሊቀመንበር የግቢውን በር ወደ ላቀ ምዕራፍ ያሸጋገሩት ባለፈው ወር ነው። ከእንግዲህ በሩ ማንንም "ማን ነህ?" አይልም። ለእያንዳንዱ ነዋሪ በየሰኞው አሥር ምስጢራዊ ኮድ በስልኩ ይላክለታል፤ አንዱ ኮድ አንድ ጊዜ ያስገባና ይሞታል፤ የቀረው ብዛት በስልኩ ጥግ ላይ ይታያል። በሩ ነዋሪ መሆናችንን ያረጋግጣል እንጂ የትኛው ነዋሪ እንደሆንን አያውቅም። ይህን ስም የለሽ ኮድ ለማግኘት የተጠየቅነውም ጥቂት ነገር ነው፦ ስም እስከ አያት፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የጣት አሻራና ሁለት የሚያውቁን ምስክሮች።

ዘበኛችንም በደብዳቤ ታዘዋል፦ "ነዋሪን በመልክ ማወቅ ከዛሬ ጀምሮ በጥብቅ የተከለከለ ነው።" አሥራ ሁለት ዓመት የሚያውቁትን ሰው በአንድ ቀን መርሳት ቀላል አይደለም። እሳቸው ግን ታዛዥ ናቸው።

ስለዚህ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከውስጥ በኩል በሩ ሥር ቆሜአለሁ። አንድ ሰዓት ላይ ይቆለፋል። በሐሳቤ ልጄ ውጭ አድራ፣ ብርድ መትቷት፣ ብርዱ ሳንባዋ ገብቶ፣ እኔ የሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ።

መጣችና ዘበኛውን ከውጭ ተጣራች።

"አባባ፣ ኮዴ አልቋል።"

"ማን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ክልክል ነው።"

"ትናንት እኮ የመድኃኒት ወረቀትዎን ያነበብኩልዎት ነኝ።"

"እግዜር ይስጣት፣ ያችን ልጅ። ማን እንደሆነች ግን አላውቅም።"

እኔም የቀረችኝ አንዲት ኮድ ነች። "የእኔን ብሰጣትስ?" አልኳቸው።

"በሩ የማን እንደሆነች በምን ያውቃል? ጥበቡ እሱ ነው ተብለናል።"

ስልኬን በፍርግርጉ ላሾልክላት ስል ክቡር ሊቀመንበሩ እያለከለኩ ደረሱ። የበሩን ብቃት ለእንግዶች ሲያስጎበኙ፣ ሲወጡ ሲገቡ ውለው አሥሩንም ጨርሰዋል።

"ክፈት እንጂ፣ እኔ ነኝ።"

"ሁሉም እኔ ነኝ ነው የሚለው፣ ጌታዬ።"

"ደብዳቤውን የጻፍኩልህ ሰውዬ ነኝ እኮ።"

"እሳቸውን ባውቃቸው ደስ ይለኝ ነበር።"

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። "እትዬ፣ መቼም እርስዎ ያውቁኛል። ያችን ኮድ ለእኔ ያድርጓት። የልጅቷን ጉዳይ ነገ በስብሰባ በልዩ ሁኔታ እናየዋለን።"

እኔ ሕግ አክባሪ ሴት ነኝ። ፊት ለፊቴ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ቆመዋል፤ የአንደኛዋ አፍንጫ የእኔን ይመስላል። ስልኩን ለእሷ አቀበልኳት። በሩ ጢጥ አለና አስገባት።

ሊቀመንበሩን ብርድ ይመታቸው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ግን በማላውቀው ሰው ጤና መግባት ምስጢር መድፈር ነው። እሳቸው ስማቸውን እስከ አያት መጥራት ጀመሩ። ዘበኛው ደንብ እንዳይጥሱ ሁለቱንም ጆሯቸውን በጣታቸው ደፍነው ቆሙና፣ አንድ ሰዓት ሲሞላ አንድ እጃቸውን ብቻ አውርደው በሩን ቆለፉት።