ስምረት ለምን ዝም አለች

ዝምታ ማለት መናገር የሚችል ሰው ሳይናገር ሲቀር የሚሆነው ነገር ነው። መናገር የማይችል ነገር ዝም አለ አይባልም። ድንጋይ ዝም አይልም፤ ድንጋይ ስለሆነ ነው። ይህን ለይቼ ለማወቅ ወራት ፈጅቶብኛል። ልጄ ስምረት ሰቆጣ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ከገባች ጀምሮ ትንፍሽ አላለችም ነበር።

እቤት ብታዩዋት አታምኑኝም። ከአማቴ ከአባ ንጉሤ ጋር በቤታችን ቋንቋ በኽምጣኛ ማውራት ከጀመረች የባጃጅ ጥሩንባ እንኳ አይሰማም። አባ ንጉሤ ለዓይናቸው ሕክምና ከጋዝጊብላ መጥተው እኛ ዘንድ ናቸው። እሷ እጃቸውን ይዛ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ትነግራቸዋለች፤ የሌለውንም ትጨምርበታለች።

መምህርቷ የወልድያ ልጅ ናት፤ ደግ ሰው። ጠራችንና፣ ልጅቷ አማርኛው አልገባትም፣ ሁለት ቋንቋ ከብዷት ይሆናል፣ እቤት አማርኛ ብቻ ብታወሯት ይሻላል አለችን። ለልጃችን ብላ ነው፤ እኛም አመንናት።

ሞከርን። ባለቤቴ መቆጣት ሲያምራት አማርኛው እስኪመጣላት ንዴቷ ይበርዳል። ለእኔ መጥፎ ጊዜ አልነበረም። ስምረት ግን ጭራሽ እቤትም ዝም አለች። ቁጭ ብላ በሩን በሩን ታያለች። ምን እንደምትጠብቅ ማን ያውቃል?

አባ ንጉሤ ይህን ሲሰሙ፣ ማለቴ ዝምታዋን ሲሰሙ፣ አልቻሉም።

"ያበላሸኋት እኔ ነኝ" አሉ። "አገሬ መልሱኝ፤ ልጅቷ አማርኛዋን ትማር።"

"ዓይንዎስ አባዬ?" አለች ባለቤቴ።

"ዓይኔ የእኔ ነው፤ እሷ ገና ብዙ የምታየው አላት" ብለው ጋቢያቸውን ጠቀለሉ። ባለቤቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በዚያው ሰሞን ሁለት ቋንቋ እየሰሙ ስለሚያድጉ ልጆች የምታጠና ወጣት ትምህርት ቤቱ መጥታ ኖሮ፣ መምህርቷ ወደ እኛ ላከቻት። ተነሥተን፣ በአማርኛ እንኳን ደህና መጣሽ ብለን አስቀመጥናት። ስምረት ወዲያው አልጋው ጥግ ሄዳ እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

"ምነው፣ ከፋት?" አለች አጥኚዋ።

"ኧረ ምን ከፋት! ልጅ እንግዳ ፊት አይናገርም" አለች ባለቤቴ በኩራት። "ጨዋ አድርገን ነው ያሳደግናት።"

"ኽምጣኛ ሳይከለከል በፊት እቤት አማርኛ የምታወሩት መቼ ነበር?"

"እንግዳ ሲመጣ ነዋ!"

ባለቤቴ ይህን ብላ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም ገባኝ። ለካ ልጃችን አማርኛ አልጠፋባትም! አማርኛ ከተሰማ እንግዳ አለ፤ እንግዳ ካለ ልጅ አይናገርም። መምህርቷ ማለት ወራት ሙሉ ተቀምጣ አልሄድ ያለች እንግዳ ናት። እቤት በሩን የምታየውም የመጣው እንግዳ የት እንደገባ ግራ ገብቷት ነው። እኛ ቋንቋ አጣች ስንል እሷ ጨዋነት ላይ ነበረች።

አጥኚዋ በሁለቱም አውሯት፣ አትፍሩ አለችን። አባ ንጉሤን ደግሞ፣ "እርስዎ ትምህርት ቤት ቢሄዱላትስ? የቤት ሰው ካለ የእንግዳ ቦታ አይመስላትም" አለቻቸው።

በማግስቱ ስምረት እየመራቻቸው ሄዱ። የልጆቹ አጭር አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡና በኽምጣኛ ተረት አወሩ። ከዚያ ለመምህርቷ ሲሉ በአማርኛ ደገሙት። መሃል ላይ አንድ ድምፅ በአማርኛ ጮኸ።

"አባባ! ጅቡን ዘለሉት እኮ!"

መምህርቷ ጠመኔዋን ጣለች። አባ ንጉሤ፣ "እሺ እመቤቴ" ብለው ወደ ጅቡ ተመለሱ። ሆን ብለው ነው ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። እርጅና ነው ይላሉ።

ያቺን አጥኚ እግዜር ይስጥልን። መምህርቷንም። እቤታችን ድረስ መጥታ ተሳስቻለሁ ያለች አስተማሪ ስንት ጊዜ ታገኛላችሁ?

ባለፈው ሳምንት እንደገና ጠራችን። ስምረት በወሬ ክፍሉን አላስተምር አለችኝ አለች። በየትኛው ቋንቋ አልናት። በሁለቱም አለች። ይቅርታ ጠይቀን፣ አመስግነን ወጣን። አባ ንጉሤም አገራቸው አልሄዱም።