ፍሪዘር ሙሉ ኪሳራ

የሰው ሁሉ ገንዘብ እየገባው የራሱ ገንዘብ የማይገባው ፍጡር አካውንታንት ይባላል። ካላመናችሁኝ ከምታውቋቸው አንዱን መርጣችሁ ቤቱ ድረስ ሂዱና እዩት። ሐኪም ቢታመም «ሰው ነው» ይባላል። የመካኒክ መኪና መንገድ ላይ ብትቆም አላፊ አግዳሚው ይገፋለታል። አካውንታንት እጅ ያጠረው ዕለት ግን ማንም አያዝንለትም፤ «የት ደብቆት ነው?» ነው የሚባለው።

እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ቀን ቀን ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል አቀርቅሬ እውላለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ መሃል ከተማ ሱቅ ያላቸውን ጥቂት ነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ። ደሞዜ ለቤት ኪራይ፣ የትርፍ ሥራዬ ለአስቤዛና ለልጆቹ ትምህርት ቤት ነው። «አካውንቲንግ ብማር ያዋጣኛል ወይ?» እያላችሁ መንገድ ላይ የምታስቆሙኝ ወጣቶች፣ መልሱን ከዚህ በላይ ዘርዝሬ ልነግራችሁ አልችልም።

ነገሩ የሆነው መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን ነው። ታስታውሱታላችሁ… አንዱ ሰፈር ሲበራ ሌላው ሰፈር ሻማ ይፈረድበት ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሐይቅ ዳር እየኖርን እንኳ ጾም ሲገባ የዓሣ ዋጋ እንደሚሰቀል የሐዋሳ ሰው ያውቃል። ታዲያ ለምን ጾሙ ሳይገባ በርካሹ ገዝተን አናስቀምጥም?

ሐሳቤን ለባለቤቴ ለአስቴር ነገርኳት። አስቴር አስተማሪ ናት፤ አንድ ነገር ከመቀበሏ በፊት መጠየቅ ትወዳለች።

«የት ነው የምናስቀምጠው?» አለችኝ።

«ፍሪዘር እንገዛለን።»

«ዓሣ ለመቆጠብ ፍሪዘር?»

«ፍሪዘሩ ወጪ አይደለም፤ ንብረት ነው» አልኳት። አያችሁ፣ ትምህርት ያለው ሰው ገንዘቡን ሲያባክን የሚጠቀምበት ቃል አያጣም።

ሰፈራችን መግቢያ ላይ ሉካንዳውን የዘጋ አንድ ሰው ክዳኑ በላይ በኩል የሚከፈት ትልቅ ነጭ ፍሪዘር ይሸጥ ነበር። ዋጋው የማይታመን ርካሽ ነው። በጋሪ አስጭኜ ስገባ አስቴር በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ሰውየው ሉካንዳውን ለምንድን ነው የዘጋው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ሥጋው ምን ሆኖበት ይሆን?» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። እኔም የቢዝነስ ጉዳይ የማይገባው ሰው ጥያቄ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። ጀልባዎቹ ገና መግባታቸው ነበር። አንዱ ዓሣ ሻጭ የያዝኳቸውን ማዳበሪያዎች አየና «ጋሼ፣ ሆቴል ከፈቱ እንዴ?» አለኝ።

«ለቤት ነው።»

«ስንት ልጅ አለዎት?»

«ሁለት።»

ሚዛኑን ሳብ አድርጎ መመዘን ጀመረ። የኔ ዓሣ ሲገፈፍና ሲበለት የተረፈውን የለቃቀሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እንኳ ጠግበው መራመድ አቅቷቸው ነበር።

ፍሪዘሩ እስከ አፉ ሞላ። የመብራት ፈረቃውንም አስቤበታለሁ፤ ክዳኑ ካልተከፈተ መብራት እስኪመጣ ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ ማንም ሰው ክዳኑን እንዳይነካ ትእዛዝ ወጣ። ጾሙ ገባ። ዓሣ ተወደደ። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ዋጋ እየጠየቅኩ እገባለሁ፤ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ልቤ በደስታ ይሞላል። ሐዋሳ ውስጥ ዓሣ ሲወደድ የሚደሰት ጾመኛ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«ዛሬ እንኳ ለልጆቹ ትንሽ ዓሣ ልሥራላቸው?» አለችኝ አስቴር።

«ዛሬማ እንዴት ይሆናል? ዋጋው ገና እየጨመረ ነው።»

«ልንሸጠው ነው እንዴ?»

«አንሸጠውም። ግን አሁን ከበላነው ትርፉ ያመልጠናል።»

አስቴር ተነስታ ወደ ማድቤት ገባች። ከዚያ ለልጆቹ ሽሮ አቀረበች። ልጆቼ ዓሣ የሞላበት ፍሪዘር አጠገብ ተቀምጠው ሽሮአቸውን በሉ። እኔም አብሬያቸው በላሁ፤ ነገር ግን እኔ የበላሁት አትራፊ ሆኜ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ማዶ ያለው ትራንስፎርመር ጧ ብሎ ጭሱን ለቀቀው። የመብራት ሰዎች መጥተው ቀና ብለው አዩትና ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ሮጬ ደረስኩባቸው።

«መቼ ይሠራል?»

«ዕቃው ከአዲስ አበባ ሲመጣ።»

«ዕቃው መቼ ይመጣል?»

«ሲለቀቅ።»

ማን እንደያዘው አልነገሩኝም። በማግስቱ ጠዋት አስቴር ቀሰቀሰችኝ። «ግርማ፣ ተነስ፤ ፍሪዘርህ እያለቀሰ ነው።» እስከዚያ ቀን ድረስ «ፍሪዘራችን» ትለው ነበር። ወለሉ ላይ ቀጭን ውሃ እየወረደ ወደ በሩ ይሄዳል። የኔም ትርፍ አብሮት እየሄደ እንደሆነ ገባኝ።

መጀመሪያ ልሸጠው ሞከርኩ። ሁለት ምግብ ቤት ገባሁ። የመጀመሪያው ባለቤት በመስኮቱ በኩል ሐይቁን አሳየኝና ሳቀ። ሁለተኛው ለመሳቅ እንኳ ጊዜ አልነበረውም። ስመለስ አስቴር ከሰል አያይዛ፣ ትልልቆቹን ድስቶች አውጥታ ጠበቀችኝ።

«ሳይበላሽ ሰው ይብላው» አለች። የቤተሰቡ የፋይናንስ ክፍል በዚያች ሰዓት ከእኔ እጅ ወጣ።

ግማሹን ጠበሰችው፣ ግማሹን ሾርባ አደረገችው። ጥሬውን ለሚፈልግም ሰጠች። ግቢው ውስጥ ያሉ ተከራዮች መጡ፤ ከዚያ የጎረቤት ግቢ መጣ፤ ከዚያ የማላውቀው ሰው ሳህን ይዞ መጣ። መጀመሪያ ላይ ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም የሚል ከባድ ክርክር ተነስቶ ነበር። ክፍያ የሌለው መሆኑ ሲታወቅ ክርክሩ ወዲያው ተዘጋ። «ስለት ነው?» ይሉኛል። «አይ፣ ሊበላሽ ነው» እላለሁ። «ትሑት ሰው ነህ» ብለው መርቀውኝ ይሄዳሉ። በዚያ በጾም ዋጋ ዓሣ በሳህን የሚያድል ሰው፣ ቸገረኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

የቀበሌው ሰውም አልቀረም። ወደ ጥግ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አቶ ግርማ፣ ምርጫው እኮ ገና ነው» አለኝ።

«የምን ምርጫ?»

«ለየትኛው ወገን ነው የምታድለው?»

«ለማንም አይደለም። መብራት ስለሌለ ሊበላሽብኝ ነው።»

«መብራት የለም ማለትም ያው ቅስቀሳ ነው» አለና ሾርባውን ተቀብሎ ሄደ።

ማታውን ሰው ሁሉ ጠግቦ ሲበተን የቤቱ ባለቤት እትዬ አማረች መጡ። ፊት ለፊት ባለው ትልቁ ቤት የሚኖሩት እሳቸው ናቸው፤ እኛ ከኋላ ያሉትን ክፍሎች ነው የተከራየነው። ወንበር አቀረብኩላቸው።

«ሾርባው ግሩም ነው» አሉኝ። «ይኼ ሁሉ ዓሣ፣ ያውም በዚህ ጊዜ… እግዜር ሰጥቶሃል ልጄ።»

«ይመስገን» አልኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። ለሰው ሳይሆን ለአከራይ እየተናገርኩ መሆኔን ረሳሁት።

«እንግዲህ ኪራዩን ከሚመጣው ወር ጀምሮ ትንሽ ከፍ ላደርገው ነው። ሌሎቹ አቅም የላቸውም፤ አልነካቸውም። አንተ ግን አይከብድህም።»

የጠሩት ጭማሪ ከትርፍ ሥራዬ ግማሹን ጠራርጎ የሚወስድ ነበር። የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ዓይኔ ላይ መጣ። «እትዬ አማረች፣ እኔ እኮ ከስሬ ነው ያደልኩት» አልኳቸው።

«አካውንታንት አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«አካውንታንት ይከስራል?»

ፍረዱኝ እስቲ። «አዎ፣ ይከስራል» ብል ነገ ጠዋት ወሬው መሃል ከተማ ይደርሳል። የገዛ ዓሣውን ማዳን ያልቻለ ሰው የማንን ሒሳብ ሊጠብቅ ነው? ነጋዴዎቹ መዝገባቸውን ከእጄ ቢወስዱ የትርፍ ሥራዬ ግማሹ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ይሄዳል። «አይከስርም» ብል ደግሞ ኪራዩን እከፍላለሁ። 

«አይከስርም» አልኩ በመጨረሻ።

አስቴር ድስት እያጠበች ነበር። እጇን አደራረቀችና መጣች። «እትዬ አማረች፣ ይነሱ እስቲ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብላ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ፍሪዘሩ ወሰደቻቸው። ምን ልታሳያቸው እንደሆነ ስለገባኝ ልከለክላት ብድግ አልኩ፤ ግን አልደረስኩም።

ለካ አስቴር ደርሳበታለች። ትራንስፎርመሩ በድንገት ቢሠራ ብዬ፣ ሁሉም ዓሣ ሲታደል ከሥር ያለውን ረድፍ በጋዜጣ ሸፍኜ አስቀርቼ ነበር። በኛ ቋንቋ መጠባበቂያ ይባላል። ቀኑን ሙሉ የከሰልና የጥብስ ሽታ ሸፍኖልኝ ነበር እንጂ መጠባበቂያዬ በቀለጠው ውሃ ውስጥ የራሱን ሥራ ሲሠራ ውሏል። አስቴር ክዳኑን ከፍታ ጋዜጣውን አነሳችው።

እትዬ አማረች በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። ቀጥለው ክዳኑን እሳቸው ራሳቸው ዘጉት።

«ወይ ግርማ» አሉኝ በቀስታ። «እኔ እኮ ያለህ መስሎኝ ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። እንደዚያን ቀን ቀለል ብሎኝም አያውቅም። አስቴር ቀጠለችና ከፍሪዘሩ መግዣ ጀምሮ ያለውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ልጆቹ ፍሪዘሩ አጠገብ ሽሮ መብላታቸውን ስትነግራቸው እትዬ አማረች ሳቅ አፈናቸው።

«በል ከጭማሪው ግማሹን ትቼልሃለሁ» አሉ ሊወጡ ሲሉ። «ግማሹ ግን ይቆይ። ሽታው ግድግዳዬ ውስጥ ገብቷል።»

እትዬ አማረች ክፉ ሴት አይደሉም፤ ወሬ ግን አያሳድሩም። ሳምንቱ ሳያልቅ ጋሽ ከድር በስልክ ጠሩኝ። ጋሽ ከድር የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ ከደንበኞቼ ሁሉ ትልቁ።  ለአስቴር ምን እንደምላት፣ ትምህርት ቤቱን በምን እንደምከፍል እያሰብኩ ነው ሱቃቸው የደረስኩት።

«ከሰርክ አሉ» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ያልነገረኝ አለ? ተቀመጥ። መዝገቤን ልቀበልህ አይደለም የጠራሁህ።»

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ባይኖርም እቀመጥ ነበር።

«ባለፈው ክረምት የመጋዘኔ ጣራ አፍስሶ ሲሚንቶዬ ሁሉ ድንጋይ ሆነ ብዬ ስነግርህ ምን አልከኝ?»

«ማስረጃ አልኩዎት።»

«ግብር ገማቾቹም ማስረጃ አሉኝ። ወስጄ ድንጋዩን አሳየኋቸው። ‹ታዲያ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ አይደሉም? ድንጋይም ይሸጣል› አሉኝ።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አሁን ንገረኝ። አንተን እንዴት አመኑህ? እትዬ አማረች ኪራይ የሚቀንሱ ሴት አይደሉም።»

«ሸተታቸው።»

ጋሽ ከድር አሰቡበት። «ሲሚንቶ አይሸትም» አሉ። «ሌላው ጎረቤትስ?»

«እነሱ በልተው ነው ያመኑት።»

ወደ መጋዘናቸው በር ዞር ብለው አዩ። «የኔን ሲሚንቶ ታዲያ ማን ይበላልኛል?»

«ኧረ ጋሽ ከድር» አልኳቸው፣ «በዚህ አገር ሲሚንቶ የሚበላማ ሞልቷል። ችግሩ ደረሰኝ አይቆርጡም።»