ኦቦ ዋቅጅራ ለኖርዌይ ሰዎች የሰጡት መሬት

ደግነት ግብር የማይከፈልበት ነገር ይመስለኝ ነበር። በጃንሆይ ዘመን፣ በእኛ በወለጋ፣ ለመሬቱ ይከፈላል፣ ለከብቱ ይከፈላል፣ ለትምህርቱና ለጤናው ይከፈላል፤ ለሰው ማዘን ግን እስከማውቀው ድረስ በነፃ ነበር። ማንም ሹም በር ላይ ቆሞ ትናንት ለጎረቤትህ አዝነሃልና ክፈል ብሎ አያውቅም። ተሳስቼ ኖሯል። ይከፈልበታል፤ ያውም ከሁሉም የሚከብደው የእሱ ነው። ካላመናችሁኝ የኦቦ ዋቅጅራን ነገር ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያኔ ነቀምት ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር እየተደባደብኩ ስለተማርኩት ከማንም አላንስም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሚስዮኖቹ ክሊኒክ እየሄድኩ አስተረጉም ነበር። ነርሷ ሲስተር ኢንገር የምትባል ኖርዌያዊት ናት። አዲስ አበባ ተቀምጣ አማርኛ ተምራ መጣች። አማርኛ ብቻ ይዞ በነቀምት ዙሪያ ያለውን የጉቶ ጊዳን ገበሬ ለማከም መምጣት ደግሞ የነቀምት ቲኬት ቆርጦ ገና መንገድ ላይ፣ ሲሬ እንደ መውረድ ነው። ቀሪውን መንገድ የማደርሳት እኔ ነበርኩ።

ከሕመምተኞቹ አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ፣ የሲስተር ኢንገር የትውልድ መንደር ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ለምን እዚያ እንደሰቀለችው እንጃ፤ መቼም ሕመምተኛን የሚያጽናና ነገር አልነበረም። ባሕሩ ከሩቅ መጥቶ በሁለት ተራሮች መካከል ጠቦ ገብቷል፤ እነሱ ፊዮርድ ይሉታል። ተራሮቹ ቀጥ ያሉ ገደሎች ናቸው፤ ውኃው ጥቁር ነው። በገደሉና በውኃው መካከል በቀረችው ጠባብ መሬት ላይ ጥቂት የእንጨት ቤቶችና አንዲት ቤተ ክርስቲያን ተጠጋግተው ቆመዋል። ወደ ላይ ገደል፣ ወደ ታች ውኃ። መንደሩ ይኸው ነው።

ኦቦ ዋቅጅራ የጉቶ ጊዳ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሏቸው በየሳምንቱ ሊያሳጥቡ ይመጣሉ። ቁስሉ እስኪታጠብ ባልየው ፎቶግራፉ ፊት ይቀመጣሉ። እኛ ስናየው ሥዕል ነው፤ ገበሬ ሲያየው ግን መሬት ነው። አንድ ቀን ጠሩኝና እነዚህ ሰዎች የት ነው የሚያርሱት ብለህ ጠይቅልኝ አሉ። ጠየቅኩ። ብዙም አያርሱም፣ አለች ሲስተር ኢንገር፤ ድንች ይተክላሉ፣ ሣር ያጭዳሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። ከብቶቹስ? ብርዱ እስኪያልፍ በረት ውስጥ ተዘግቶባቸው ይከርማሉ። ፀሐይስ? በብርዱ ወራት ተራራው ስለሚከልላት መንደሩ ጨርሶ አያያትም። ኦቦ ዋቅጅራ በየመልሱ "ያ ዋቅ!" እያሉ ፈጣሪያቸውን መጥራት ጀመሩ።

የባሰው ገና ነበር። በአያቷ ዘመን፣ አለች፣ የዚህ ተራራ አንዱ ጎን ተንዶ ውኃው ውስጥ ወደቀ፤ ውኃው ተነሥቶ የታችኞቹን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ጠረጋቸው። አሁን ደግሞ ከላይ ሌላ ስንጥቅ አለ። ወንዶቹ በየዓመቱ እየወጡ ይለኩታል፤ በየዓመቱም ትንሽ ትንሽ ይሰፋል። ኦቦ ዋቅጅራ ጭንቅላታቸውን ይዘው ከለኩ በኋላስ ምን ያደርጋሉ አሉ። ሲስተር ኢንገር ጥያቄው አልገባትም መሰለኝ፣ ወርደው እራታቸውን ይበላሉ፣ አለች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሴትዮዋ ቀልድ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ኦቦ ዋቅጅራ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እንቅልፍ አጥተው ከርመዋል። ሰው በሚናድ ተራራ ሥር ተቀምጦ እኛ እዚህ ሰፊ መሬት ላይ እግራችንን ዘርግተን ብንተኛ ፈጣሪ ምን ይለናል አሉ። እኔ ከወንዙ ዳር ያለውን መሬቴን ሰጥቻቸዋለሁ አሉ፤ "ኮታ!" በላቸው፤ ኑ በላቸው፤ ልጆቻቸውንም ከብቶቻቸውንም ይዘው ይምጡ፤ እኛም የእኛው እናደርጋቸዋለን። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሲስተር ኢንገር ዓይኗ እንባ ሞላና እጃቸውን ይዛ አመሰገነች። እሷ የሰማችው የደግ ሰው የአፍ ስጦታ ነው። እሳቸው ግን በሽማግሌ ፊት ተናግረዋል፤ በሽማግሌ ፊት የተሰጠ መሬት ደግሞ ተሰጠ፣ አለቀ። አዴ ጫልቱ ብቻ ናቸው ከውስጠኛው ክፍል ሆነው፣ ይህ ሰውዬ ለእግሬ መድኃኒት ፈልግልኝ ስለው ለፈረንጅ አገር ፈለገለት ብለው ያጉረመረሙት።

ከዚያ ወዲያ የነቀምት ገበያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ኦቦ ዋቅጅራ "ኖርዌዮቼ" እያሉ ያወራሉ። ቁጥቋጦውን አስመነጠሩ። ሱቅ ያለው ጉራጌ ወዳጃችን ሰዎቹ ሲመጡ እዚያው ቅርንጫፍ እከፍታለሁ ብሎ ቦታ አስያዘ። እኔም ስቄአለሁ። ማን ያልሳቀ አለ?

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኦቦ ዋቅጅራ መሬት የመለኪያ ገመድ፣ ቀላድ የሚሉትን፣ አይቶ አያውቅም። ግብሩን የሚከፍሉት በግምት ነው፤ ለአንድ ጋሻ። መሬቱ ከአንድ ጋሻ በላይ መሆኑን ጎረቤቱም ያውቃል፣ ጭቃ ሹሙም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ከተለካ ከተገበረበት በላይ ያለው "ትርፍ" ይባልና የመንግሥት ይሆናል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ሁሉ መሬቱን የሚያቆየው ዝም በማለት ነበር። ኦቦ ዋቅጅራ ግን ለአንድ መንደር የሚበቃ መሬት እንዳላቸው ገበያ መካከል አወጁ።

ብዙም አልቆየ፣ የመሬት ሹሙ አስጠሯቸው። ለማስተርጎም አብሬ ሄድኩ። ሹሙ ወንበር ሰጧቸው። ወንበር! ገበሬ በዚያ ቢሮ ወንበር ሲሰጠው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሹሙ ፈገግ ብለው ለእንግዶቹ የሰጡት መሬት ምን ያህል ይሆናል አሉ። ኦቦ ዋቅጅራ እጃቸውን ዘርግተው ከኮረብታው እስከ ወንዙ፣ ዓይን እስኪደክመው ድረስ አሉ። እኔ በአማርኛ "ትንሽ ቁራጭ ነገር ናት" አልኩ። አማርኛ አያውቁም ብዬ ነበር፤ ለካስ ከገበያ "ትንሽ" የምትለዋን ቃል ለቅመዋታል። ከወንበራቸው ተነሡ። እንግዳ ተጠርቶ ትንሽ ይሰጠዋል ወይ? በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው ወይ? ብለው ደነፉብኝ። በር ላይ የቆመው ኦሮምኛ አዋቂ ዘበኛ አንዲት ቃል ሳያስቀር ለሹሙ ተረጎመላቸው። ለእርስዎስ ይተርፍዎታል ወይ ሲባሉም፣ ሞልቶኝ አሉ።

ገመዱ መጣ። ኦቦ ዋቅጅራ ለካዮቹ የኖርዌዮቹን ቤት ቦታ ሊለዩላቸው የመጡ መስሏቸው በግ አረዱላቸው። ለካዮቹም በሉ፣ መረቁና ለኩ። መለካት የጀመሩት ከላይ፣ ከኮረብታው ራስ ካለው ገደል ነው፤ ድንጋዩንና ሸለቆውን ይዘው አንድ ጋሻ ሲሞላ ቆሙ። ይህ የእርስዎ ነው አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው፣ የበቆሎው ማሳ፣ ቡናው፣ ምንጩ፣ ቤታቸው፣ ትርፍ ሆነ። ከቤቱ ጀርባ ዋርካው ሥር በፈንጣጣ የሞተ ልጃቸው ተቀብሯል። መቃብሩም ትርፍ ሆነ። ትርፍ የሚባል መቃብር መኖሩን ያን ቀን ሰማሁ፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ትርፉ ለመንግሥት አገልግሎት ፈጽመዋል ለተባሉ አንድ ሰው ተሰጠ። ምን እንዳገለገሉ አልሰማንም፤ የሹሙ አማች መሆናቸውን ግን ሰምተናል። ሲስተር ኢንገር ፊቷ በርበሬ መስሎ ሹሙ ዘንድ ሄደች። ነገሩ የደግ ሰው ንግግር ነው፣ ከእኛ መንደር የሚመጣ አንድም ሰው የለም፣ አለች በዚያ በአዲስ አበባ አማርኛዋ። ሹሙም በትሕትና አዳመጧትና፣ እንግዲያውስ መልካም ነው፤ የሚመጣበት ከሌለ እኛም የሰጠነው ባዶ መሬት ነዋ፣ አሏት። እሷም ወጥታ ደጃፉ ላይ አለቀሰች። ማስተርጎም አላስፈለገኝም።

አቤቱታ ተባለ፣ ተመላለስን፤ ሰሚ አልተገኘም። ዝናብ ሳይገባ ኦቦ ዋቅጅራ ከገደሉ ሥር፣ ድንጋዩ መካከል ጎጆ ቀለሱ። አዴ ጫልቱ ውኃ ፍለጋ ቁልቁለት ሲወርዱ እየወደቁ ሊጠግግ የጀመረው ቁስላቸው እንደገና አመረቀዘ። የልጃቸውን መቃብር ለማየት የአዲሱን ባለመሬት ዘበኛ ያስፈቅዳሉ፤ አንዳንድ ቀን ይፈቀድላቸዋል።

ክሊኒኩ መምጣታቸውን ግን አልተዉም። አንድ ቀን የሚስታቸው ቁስል ሲታጠብ ኦቦ ዋቅጅራ ተነሥተው ፎቶግራፉን ጠጋ ብለው አዩና፣ ከገደሉ ወገብ ላይ የተለጠፈች አንዲት ትንሽ ቤት በጣታቸው ነኩ። እስከዚያ ቀን ማናችንም ልብ አላልናትም። እዚህ ላይ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚኖረው ብለህ ጠይቃት አሉኝ።

ሲስተር ኢንገር መናገር አልፈለገችም ነበር። ስወተውታት ግን አቀርቅራ ነገረችን። የድሮ ቤት ነው። ወደዚያ የሚወጣው በመሰላል ብቻ ነው። የጥንት ሰዎች ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ካዩ መሰላሉን ወደ ላይ ይስቡትና ሰውዬው ከታች ሲጮህ ውሎ ይመለሳል ይባላል።

ተረጎምኩላቸው። ኦቦ ዋቅጅራ መሰላል የምትለዋን ደግመህ ንገረኝ አሉ፤ ደገምኩላቸው። ፎቶግራፉ ላይ ከውኃው ዳር እስከ ቤቲቱ ድረስ በጣታቸው ለኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ሰዎቿ አንድ ሽማግሌና አንዲት እግረ በሽተኛ አሮጊት የሚያስጠጉበት ቦታ እንዳላቸው ጠይቅልኝ አሉ። እኔ ገና ወደ ሲስተር ኢንገር ሳልዞር፣ እምቢ እንዳይሏቸው የሰጉ መሰለኝ፣ ክንዴን ያዝ አደረጉና ቶሎ ጨመሩበት፦

"መሰላሉን እኔው እሠራለሁ በላት።"