ሊቀ ሰንሰለት ኖርቫል

የሰው ማሽን እግር ሳያይ ማለፍ የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እንዲህ ያለው ሰው ፊታችሁን አያይም፣ ጤናችሁንም አይጠይቅም። ጎንበስ ብሎ ከሥር ይመለከትና ቀና ሲል የሚናገረው ነገር እንቅልፍ ይነሳል።

የእኛው ኖርቫል ስቴንሩድ ይባላሉ። ፊት ለፊት "አንተ" እላቸዋለሁ፤ በወረቀት ላይ ግን አንቱታ ይገባቸዋል። ሊቀ ሰንሰለት የሚለውን ማዕረግም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እስከዛሬ የሚያውቀው ባለቤቴ ሌላንድ ብቻ ነበር።

እዚህ ሰሜን ዳኮታ ሜዳ ላይ በላስቲክ ሰንሰለት የምትሄድ ትንሽ ሎደር የሌለው ቤት ጥቂት ነው። በበጋ ፍግ ትዝቃለች፣ በብርዱ ወራት በረዶ ትጠርጋለች። ሰንሰለቱ የሚዞረው በተደረደሩ ሮለሮች፣ ማለትም በትንንሽ የብረት መንኮራኩሮች ላይ ነው። በመሃላቸው የገባ ጭቃ ካደረ ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ሮለሩን አንቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ደህና ሰው ሥራ ሲያቆም ጠባብ አካፋ ይዞ የማሽኑን እግር ይጠርጋል። ሰነፍ ሰው "ነገ" ይላል። ለሰነፍ ሰው ደግሞ ኖርቫል አሉለት።

የሚያስፈራው አመጣጣቸው ነው። መኪናቸው አይሰማም፣ ውሻም አይጮህባቸውም። ልብስ አስጥታችሁ ዞር ስትሉ ከሎደሩ አጠገብ ቆመዋል። በዚያ ብርድ ጓንታቸውን አውልቀው፣ የታመመ ልጅ ትኩሳት እንደሚያይ ሰው መዳፋቸውን ሮለሩ ላይ አድርገዋል። እንደዚያ ሆነው ብዙ ይቆያሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፦

"ይቺ እየተጣራች ነው" ይላሉ።

ማንን እንደምትጣራ አይናገሩም።

ጎረቤታችን ሃርላን ስቆባቸው ነበር። "ምን ብላ ነው የምትጣራው አንተ? 'ሃርላንዬ' እያለች?"

"ያንተን ስም አይደለም" አሉት።

ሳምንት ሳይሞላ ሰንሰለቷ ኩሬው ዳር ወለቀና ሎደሯ በግማሽ ጎኗ በረዶውን ሰብራ ገባች። ሃርላን ዘሎ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ የኖርቫልን መኪና ከሩቅ ሲያይ ሎደሩን በሸራ ይሸፍናል። እሳቸውም መንገዱ ላይ ቆመው ሸራውን ያዩና፣ እንደ ለቀስተኛ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ።

አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ግብዣ ላይ ጎንበስ ብለው አንዲት ባልቴት ተደግፈው በሚራመዱበት ጋሪ ጎማ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። በአዳራሹ ሹካ እንኳን አልተንቀሳቀሰም። ባልቴቷ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ለካ ጎማው ግራሶ ፈልጎ ኖሯል። የዚያን ቀን ግን ከአጠገባቸው ያልተነሳ ሰው የለም። እኔም ወንበሬን ትንሽ ሳብ አድርጌአለሁ።

የእኛ ተራ የደረሰው ጥቅምት ላይ ነው።

ሌላንድ ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ወደ ከተማ እወስደዋለሁ። ከቤታችን እስከ ትልቁ መንገድ ያለው መውጫ ረጅም ነው፤ በረዶ ከዘጋው መኪና አያልፍም። አንድ ቀን ከቀረ እግሩ ያብጣል፤ ደጋግሞ ከቀረስ አይተርፍም። ስለዚህ ሎደሩን የምነዳው እኔ ነኝ።

ኖርቫል መዳፋቸውን በግራ በኩል ከኋላ ሁለተኛው ሮለር ላይ አሳርፈው ቆዩ።

"ኩሽኔታው ሄዷል፣ አርዲስ። ልቀይርልሽ?"

"ኧረ ምን በወጣህ!"

"ግድ የለም፤ ልቀይርልሽ?"

"አንተን ላስቸግር? ተወው።"

በእኛ ዘንድ እርዳታ በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ጥያቄ አይወሰድም፤ ነውር ነው። ሰው "እሺ" የሚለው በሦስተኛው ነው። እኔም "እሺ"ን አፌ ላይ ይዤ ስጠብቅ ሃርላን ደረሰና የአየሩን ነገር ጀመረ። እሱ ሲያወራ ሊቀ ሰንሰለት ቆባቸውን ነካ አድርገው ሄዱ። እኔ ደግሞ ከኋላቸው መጣራት አልችልም። ለምኖ መውሰድ ከሁሉ የባሰ ነውር ነው።

ሮለሩ እንደተበላሸ ቀረ።

ታኅሣሥ ላይ የበረዶ አውሎ ነፋስ መጣና አንድ የእጥበት ቀን አሳለፈብን። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠዋት የሌላንድ ፊት አብጦ ዓይኑ ጠቦ ነበር። "ይሄ ይለፈኝ ግድ የለም" ሲል ትንፋሹ አጠረው። ካፖርቴን ደረብኩና ሎደሩን አስነሳሁ።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከጉድጓድ ውስጥ ሰው የሚጣራ የሚመስል ድምፅ። ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይጀምራል። መውጫው መሃል ላይ ስታጠፍ ማሽኗ ዘመም አለችና የግራው ሰንሰለት ወለቀ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ቤቱ አይታይም፣ መንገዱም አይታይም፤ ሁሉም ነጭ ነው። በነጩ ውስጥ ሰው ቆሟል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፏል።

"ኖርቫል?" አልኩ።

"ሁለቴ ጠይቄሽ ነበር" አሉ። "ከዚያ ሃርላን መጣ።"

"አዎ።"

"ሮለሩን ልቀይርልሽ?"

"እሺ" አልኩ፤ እንባዬ ጉንጬ ላይ ደረቀ።

ሞተሩን አስነስተው ከፊቷ ባለው መዛቂያ ባልዲ መሬቱን አስገፍተው ፊቷን ከፍ አደረጉና ከሥሯ ግንድ አስገቡ። ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘውን ግራሶ በቀስታ አስተነፈሱት። እኔ ዲጅኖ ይዤ ስፈለቅቅላቸው እሳቸው ቡሎኖቹን ፈቱ። የወጣው ሮለር በአንድ ጎኑ እንዳለቀ የጫማ ተረከዝ ተበልቷል። አዲሱን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ሲያቀብሉኝ ደነገጥኩ። ሞቃት ነበር።

"መኪናው ማሞቂያ ሥር ነበር" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

ሮለሩን በቡሎኖቹ አጠበቁ፣ ሰንሰለቱን ቦታው መልሰው ግራሶ ሞሉበት፣ ልልነቱን በጣታቸው ለኩ፣ "ንጂ" አሉኝ። ማሽኗ ዝም ብላ ሄደች። መውጫውን እስከ ጫፍ ጠርጌ ሌላንድን መኪና ውስጥ አስገባሁት።

ትልቁ መንገድ አፍ ላይ፣ ከፖስታ ሣጥናችን ጀርባ፣ የኖርቫል መኪና ይቆምበት የነበረውን ቦታ አየሁ። ዙሪያውን በረዶ ተቆልሏል፣ ከሥሩ ግን አፈሩ ይታያል። የቁልሉ ጎን በጭስ ማውጫው ጠቁሯል፤ በጥቁሩ ላይ ነጭ፣ በነጩ ላይ ደግሞ ሌላ ጥቁር። መኪናው ውስጥ ሆነው እየቆረጠሙ የተፉት የሱፍ ፍሬ ቅርፊትም እንደዚያው ነው፤ አሮጌው ከበረዶው ሥር፣ አዲሱ ከላይ።

"ይሄ ሰውዬ እዚህ ነው እንዴ የሚኖረው?" አለ ሌላንድ።

"ዝም በል፣ ትንፋሽህን ቆጥብ" አልኩት። በሰዓቱ ደረስን።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጭጋግ ነበር። ሾርባ በቴርሞስ ሞልቼ ፖስታ ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩና ሳልቆም አለፍኩ። ሌላንድ ዞሮ አየ፤ "ማንም የለም እኮ" አለኝ። ስንመለስ ቴርሞሱ ባዶ ነበር፤ ክዳኑ ላይ አንድ አውራ ጣት በግራሶ ታትሟል።

ቴርሞሱን ሳጥብ እዚያ ቦታ ላይ ስፖንጅ አላሳርፍም።