የሽመላዎቹ ታማኝ ተመልካች

(ኦሳካ። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ ትልቅ የገበያ ሕንፃ፤ ድሮ የቤዝቦል ስታዲየም የነበረበት። ወለሉ ላይ ባለ አምስት ማዕዘን ብረት ተተክሏል፤ ከጎኑ አግዳሚ ወንበር አለ። ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ ሂሳኖሪ አዲስ አረንጓዴ ኮፍያ አድርጓል። የዓሣ ገበያ ጡረተኛው ጓደኛው ቶመኪቺ ብረቱ ላይ ቆሞ ታኮያኪውን፣ ያንን ድቡልቡል የሊጥ ጥብስ፣ እያነሣ ይጎርሳል።)

ሂሳኖሪ፦ ከቤቱ ላይ ውረድ አልኩህ!

ቶመኪቺ፦ (ዙሪያውን እያየ) ከማን ቤት?

ሂሳኖሪ፦ ከረገጥከው! ብረቱ! እሱ ነው ቤቱ።

ቶመኪቺ፦ ጠባብ ነው። ኪራዩ ስንት ነው?

ሂሳኖሪ፦ አንተ ሰው፣ በእናትህ! እዚህ የቆምንበት የሽመላዎቹ ሜዳ ነበር። የከተማችን ቡድን! መቺው ኳሷን በዱላ ያጎናታል፣ ሦስቱን ማረፊያ በሩጫ ይዞራል፣ በመጨረሻ እዚህ ቤት ሲገባ አንድ ነጥብ ያገኛል።

ቶመኪቺ፦ ቤቱ ስለገባ?

ሂሳኖሪ፦ ስለገባ።

ቶመኪቺ፦ እኔ ዕድሜ ልኬን በየቀኑ ቤቴ ስገባ ኖሬያለሁ። ባለቤቴ አንድ ነጥብ ሰጥታኝ አታውቅም።

ሂሳኖሪ፦ ዞረህ ስላልገባህ ነው።

ቶመኪቺ፦ ዞሬ ዞሬ የገባሁ ቀንማ ጭራሽ በሩንም አልከፈተችልኝ።

ሂሳኖሪ፦ ዛሬ ቀልድ የለም! ጋሽ ሴኖ ይመጣሉ። የሽመላዎቹ የመጨረሻው ኳስ ወርዋሪ! ከድሮ ተመልካቾች መሀል እስከ መጨረሻው ያልከዳውን አንድ ሰው ራሳቸው ይመርጡና የመታሰቢያውን ኳስ ያስወረውሩታል። ከእኔ ሌላ ማን አለ? ለልጅ ልጆቼ በሙሉ ተናግሬያለሁ። ካልተመረጥኩ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ቶመኪቺ፦ እኔስ ለምን መጣሁ?

ሂሳኖሪ፦ እንድታጨበጭብ።

ቶመኪቺ፦ እሺ። (እያሰበ) እዚህ አካባቢ ደህና መኝታ ነበረኝ። አፈረሱት።

ሂሳኖሪ፦ አሁን የመኝታ ወሬ ምን አመጣው? ቁጭ በል። ለጋሽ ሴኖ የማወራላቸውን ታሪክ አንተ ላይ ልሞክረው። (ጉሮሮውን ይጠርጋል) ሽመላዎቹን ያቋቋመው የባቡር ድርጅት ነው።

ቶመኪቺ፦ ባቡሩ ምን በወጣው?

ሂሳኖሪ፦ ሰው ጨዋታ ሊያይ በባቡር እንዲመጣ ነዋ!

ቶመኪቺ፦ እና መጣ?

ሂሳኖሪ፦ መጀመሪያማ ጎረፈ! የቶኪዮን ቡድን አፈር ድሜ አስግጠን ዋንጫ የበላን ዕለት ከተማው እንቅልፍ አልነበረውም።

ቶመኪቺ፦ ትዝ ይለኛል። እኔንም አላስተኙኝም። ተናድጄ ነበር።

ሂሳኖሪ፦ በኋላ ግን ቴሌቪዥን መጣ፤ እሱም የሚያሳየው የቶኪዮን ቡድን ብቻ ሆነ። ሰዉ ከዳ! ያ ሁሉ አረንጓዴ ወንበር አቧራ ለበሰ። የባቡር ድርጅቱ ቢጨንቀው ቡድኑን ለሱፐርማርኬት ሸጠው።

ቶመኪቺ፦ በኪሎ?

ሂሳኖሪ፦ በጅምላ! ተጫዋቹን፣ አሠልጣኙን፣ ዱላውን ጭምር! ሱፐርማርኬቱም ጠራርጎ ወደ ሌላ ደሴት ወሰዳቸው።

ቶመኪቺ፦ ሽመላ ብላችሁ ስም አውጥታችሁ ሄደ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ? ሽመላ ወቅቱ ሲደርስ ይሄዳል። ዶሮ ብትሉት ኖሮ እዚሁ ይቀር ነበር።

ሂሳኖሪ፦ (ኮፍያውን ያወልቃል፤ መልሶ ያደርጋል) እኔ ግን አልከዳሁም። ዝናብ ሆነ ሐሩር፣ አንድ ጨዋታ አላመለጠኝም። ዓይኔን ስጨፍን ዛሬም ይታየኛል። ዱላዋ ቋ! ስትል፣ የዓሣ ጥብሱ ሽታ ከታች ሽቅብ ሲመጣ፣ አንደኛው ማረፊያ ከጭስ ማውጫው በስተግራ፣ ሁለተኛው ከነጩ አንሶላ ቀጥሎ...

ቶመኪቺ፦ የምን አንሶላ?

ሂሳኖሪ፦ አታቋርጠኝ! ሦስተኛው ማረፊያ ለማንም ሰው አይታይም ነበር። እና ያን ጊዜ ጋሽ ሴኖ እጃቸውን ሲያነሡ... ትሰማኛለህ?

(ቶመኪቺ ባዶውን የታኮያኪ ዕቃ እንደታቀፈ እንቅልፍ ወስዶታል። ማንኮራፋት ይጀምራል፤ የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው ሴኖ አንዲት ኳስ ይዘው በከዘራ ይገባሉ።)

ሂሳኖሪ፦ ጋሽ ሴኖ! እንኳን ደህና መጡ! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ጓደኛዬ... አንተ! ተነሥ! አዋረድከኝ እኮ!

ሴኖ፦ እንዳትነካው!

ሂሳኖሪ፦ እ?

ሴኖ፦ ዝም በል። (አንገታቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ) ይኸው ረጅሙ... አሁን ያቆማል... አሁን ደግሞ በፉጨት ይመለሳል። (ፉጨት ይሰማል) እሱ ነው! እግዜር ያሳያችሁ፣ ራሱ ነው! (ዓይናቸውን ይጠርጋሉ) ከሦስተኛው ማረፊያ ጀርባ! በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስታዲየሙ ኦና ሆኖ፣ ኳሷን ይዤ ብቻዬን ቆሜ ይህን ስሰማ፣ "አይዞህ ሴኖ፣ አንድ ሰው አለ" እል ነበር።

ሂሳኖሪ፦ እሱ እኮ ስለ ጨዋታው ምንም አያውቅም! እኔን ይጠይቁኝ! የፈለጉትን ይጠይቁኝ!

ሴኖ፦ እሺ። የት ነበር የምትቀመጠው?

ሂሳኖሪ፦ እኔ... ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

ሴኖ፦ የላይኛው ረድፍ?

ሂሳኖሪ፦ ከዚያም ትንሽ ከፍ ይላል።

ሴኖ፦ ከዚያ በላይ ወንበር አልነበረም እኮ።

ሂሳኖሪ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ከመንገዱ ማዶ። የፀጉር ቤቴ ጣሪያ ላይ።

ሴኖ፦ አንሶላ የሚሰጣበት? አሃ! ከአንሶላው በላይ ሁልጊዜ አንድ ራስ ይታየኝ ነበር። የፀጉር ቤቱ ማስታወቂያ ይመስለኝ ነበር።

ሂሳኖሪ፦ ከልቤ ነበር እኮ የምወዳችሁ!

ሴኖ፦ ይገባኛል። የባቡር ድርጅቱ ግን የሚቆጥረው በበሩ የገባውን ነበር።

(ቶመኪቺ ይነቃል።)

ቶመኪቺ፦ አለቀ?

ሂሳኖሪ፦ ከአርባ ዓመት በፊት አለቀ።

ቶመኪቺ፦ እንዲህ ያለ እንቅልፍ መኝታዬን ካፈረሱት ወዲህ ተኝቼ አላውቅም። አረንጓዴ ወንበር ነበረው። እኔ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ልተኛ ስል፣ ቤት ውስጥ ባለቤቴ ለሰፈሩ ልጆች ከበሮ ታስተምራለች። ኦሳካ ውስጥ ከዚያ የበለጠ ጸጥ ያለ ቦታ አልነበረም። ሜዳው ላይ አንዳንድ ልጆች ይሯሯጡ ነበር፤ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ አይረብሹም።

ሴኖ፦ (ኳሷን ቶመኪቺ መዳፍ ላይ ያስቀምጣሉ) እንካ ወንድሜ። ወርውር።

(ቶመኪቺ ኳሷን ያገላብጣታል። ከዚያ በሌላ እጁ ኪሱን መዳበስ ይጀምራል።)

ቶመኪቺ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ መግቢያውን ልክፈል። ስንት ነው?

ሂሳኖሪ፦ ኧረ ባክህ! ዛሬ ክፍያ የለም፣ በነፃ ነው!

ቶመኪቺ፦ (አዲሱን ኮፍያ ከላይ እስከ ታች እያየ) አሃ። ለዚህ ነዋ ዛሬ በበሩ የገባኸው።