የፍርሃት ፍልስፍና በመሰብሰቢያ አዳራሽ

የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ታላቅ ሰው ናቸው። ሌላው ዕድሜውን ሙሉ የሚማረውን እሳቸው እራት እየበሉ ከቴሌቪዥን ይጨርሱታል። ስለ ፍርሃት ፍልስፍና የተላለፈውን ዝግጅት አይተው ተኙና በነጋታው ፈላስፋ ሆነው ተነሡ። ቢሮ እንደ ገቡም «የሠራተኛውን የፍርሃት ግንዛቤ በፊልም የማጎልበት መርሐ ግብር» ባስቸኳይ ተግባራዊ እንዲሆን አዘዙ። ተሳትፎው በፈቃደኝነት ነው፤ የቀረ ግን የቀረበትን ምክንያት ቀርቦ ያስረዳል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ ፍርሃት ማለት... በመሠረቱ... የሚያስፈራ ነገር ነው» ብለው ሥራ አስኪያጁ መርሐ ግብሩን ከፈቱት። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ።

ፊልሙ ጀመረ። ሬሳው መቃብሩን ፈንቅሎ ሲወጣ ሥራ አስኪያጁ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ጸሐፊያቸውን፣ ለጥናቱ ሲባል፣ ክንዷን ጨምድደው ያዙ። ሠራተኛው ግን ወይ ፍንክች! የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ያንኮራፋል። ሒሳብ ሹሟ፣ «ውይ ምስኪን! ጥርሱን እንኳ የሚያሳክመው ዘመድ ይጣ?» ብትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሥራ አስኪያጁ ከፋቸው። አለቃ በላብ ተጠምቆ የበታች ከሳቀማ የሥራ ተዋረድ ተናጋ ማለት ነው። ፊልሙን አስቁመው መድረክ ላይ ወጡ።

«ለምንድን ነው የማትፈሩት?»

«ጋሼ፣ ሬሳ ምን ያደርገናል?» አለ ሹፌሩ። «ከቦታ ቦታ አያዛውር፣ ስብሰባ አይጠራ!»

«ታዲያ የምትፈሩት ምንድን ነው?» አሉ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው። «በነፃነት ተናገሩ፤ ማንም ምንም አይሆንም።»

ይኼኔ ሹፌሩ አንገቱን ቀበረ። የሒሳብ ሹሟ ፊት አመድ መሰለ። ያ ሲያንኮራፋ የነበረው ሰውዬ እንኳ ነቅቶ ቀጥ አለ። ሁሉም ከአለቃው ዓይን ለመሸሽ ከሥራ አስኪያጁ ጀርባ ያለው የፊልሙ ነጭ ሸራ ላይ አፈጠጠ።

ሥራ አስኪያጁ ጥርጣሬ ገባቸው። ከኋላዬ ምን መጣ? ቀስ ብለው ዞሩ። በፕሮጀክተሩ ብርሃን መሃል ጣራ የሚያህል ጥቁር ነገር እጁን አንሥቶ ተገትሯል።

«ኧረ የሰው ያለህ!»

ከመድረኩ ዘለው፣ በሩን በርግደው ኮሪደሩ ላይ ተገኙ። ጸሐፊዋ ሳቋን እየዋጠች ተከትላቸው ወጣች።

«ጋሼ፣ አይዞዎት፤ የራስዎ ጥላ እኮ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ግድግዳውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ውስጥ ሳቁ ይፈነዳል። ከዚያ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍልስፍና የመሰለ ነገር ከአፋቸው ወጣ፤

«እናንተ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻላችሁት?»